የተቀበረው የመሬት ሽቦ

አቶ ወልደ ሐዋርያት ከመራዊ ለቅሶ ደርሰው ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከባድ የእንጨት ሣጥን ታቅፋ ከተቀመጠች ወጣት አጠገብ ቦታ አገኙ። ሰው አክባሪ ናቸውና ሣጥኑን ልያዝልሽ አሏት። ከወሬ ወሬ ሲነሣ ልጅቱ የሺአረግ እንደምትባል፣ ከፖሊቴክኒክ ተመርቃ በየፋብሪካው የኤሌክትሪክ ደኅንነት እንደምትመረምር ተረዱ። ዛሬ የምትሄደውም ጣና ዳር ወዳለው፣ እሳቸው የማሽን ክፍል ኃላፊ ወደሆኑበት የዘይት ፋብሪካ ነበር።

«ምን ልታዪ ነው ልጄ?»

«የመሬቱን ሽቦ ነው ጋሼ። ከማሽኖቹ ብረት ተነሥቶ መሬት ውስጥ የተቀበረውን።»

አቶ ወልደ ሐዋርያት ፈገግ አሉ። «እሱንስ ተይው። ፋብሪካው ሲተከል ጉድጓዱን የቆፈርሁት፣ ሽቦውንም የቀበርሁት እኔ ነኝ። ንጹሕ መዳብ ነው።»

«የእርስዎን ሥራ ተጠራጥሬ አይደለም። ከቀበሩት ወዲህ ግን አይተውት ያውቃሉ?»

«የተቀበረ ነገር ምን ይታያል?»

«አይታይም። ለዚህ ነው የሚለካው።»

መልሱ ደስ አላሰኛቸውም። በእጁ የሠራውን ሌላ ሰው ሲመረምርበት ቅር የማይለው ጥቂት ነው፤ መርማሪዋ የልጅ ልጅ ስታክል ደግሞ ይብሳል።

ፋብሪካው ሲደርሱ ክርክሩ በረታ። የሺአረግ ሽቦውን ከማሽኖቹ ፈትታ ስለምትለካ ማሽኖቹ መቆም እንዳለባቸው ነገረቻቸው።

«የምርት ዘመቻ ላይ ነን» አሉ። «ኮታው ሳይሞላ ማሽን አቆምሁ ብል ምን እባላለሁ? ደግሞስ ሐይቅ ዳር ነን፤ መሬቱ እርጥብ ነው። ኤሌክትሪክ እርጥብ ይወዳል ስትሉ አልነበር?»

«ይወዳል። ያው እርጥበት ግን ሽቦውን ይበላዋል።»

«እስከ ዛሬ ማንም አልሞተብንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን። የነዘረው ሰውስ የለም?»

አቶ ወልደ ሐዋርያት ዋሽተው አያውቁም። «ሸጊቱ የምትባል ወለል አጣቢ አለችን። እጇ ሲረጥብ የዘይት መጭመቂያው ማሽን እንደሚነዝራት ነገረችኝ። የምትቆምበት ሳንቃ አነጠፍሁላት።»

«ስላሰቡላት ጥሩ አደረጉ። ግን ይስሙኝ ጋሼ። የሞተሩ ሽቦ ሲላጥ ኤሌክትሪኩ ወደ ማሽኑ ብረት ይገባል። የመሬቱ ሽቦ ደኅና ከሆነ በእሱ በኩል ይሄዳል፤ ፊውዙም ተቃጥሎ ማሽኑ ይቆማል። ሽቦው ከተበጠሰ ግን ኤሌክትሪኩ እዚያው ብረቱ ላይ ይቆያል፤ መጀመሪያ የነካውን ሰው ያገኘዋል። ወለል ስታጥብ ሳንቃው አይረጥብም?»

ይህን አስበውት አያውቁም ነበር። «ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ለኪው» አሉ በግማሽ ልብ።

የሺአረግ ከሣጥኑ መለኪያውን አወጣች፤ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ሁለት የብረት ችካሎች ተክላ ሽቦ ዘረጋችና እጀታውን አዞረች። የመለኪያው ቀስት እስከ ጠርዙ ሄደ፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ ተበጥሷል ማለት ነው። አቶ ወልደ ሐዋርያት አላመኑም፤ እጀታውን ተቀብለው ራሳቸው አዞሩት። ያው ነው። ያን ጊዜ ዶማ አስመጥተው ጉድጓዱን ቆፈሩ። ሽቦው አብሮት ከተቀበረው የብረት ዘንግ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ በጣታቸው መካከል ፈረሰ።

«ሥራዬ ደኅና ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ደኅና ነበር ጋሼ። ስንት ክረምት አለፈበት እኮ።»

ከምሳ በኋላ ማሽኖቹ አልተነሡም። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ የሄዱት አቶ ወልደ ሐዋርያት እንጂ የሺአረግ አይደለችም።

«ጓድ ወልደ ሐዋርያት፣ ኮታውስ?» ሲሏቸው፣ «ሸጊቱ ብትሞት ለልጆቿ ኮታው ሞልቶ ነበር ብዬ ልንገራቸው?» አሉ። አዲስ ዘንግና ሽቦ ተቀብሮ እንደገና እስኪለካ ድረስ ፋብሪካው ቆመ።

በክረምቱ ሸጊቱ መጭመቂያውን በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል ማሽኑ ቀጥ አለ። ደንግጣ ወደ አቶ ወልደ ሐዋርያት መጣች።

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ዝም ብሎ ቆመ።»

ሞተሩን ሲከፍቱት የውስጡ ሽቦ ተቃጥሎ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ፊውዙ ተቃጥሏል፤ ኤሌክትሪኩ በአዲሱ የመሬት ሽቦ በኩል ስለሄደ ሴትዮዋን አልነዘራትም።

በሠራተኞች ስብሰባ ላይ አቶ ወልደ ሐዋርያት ተነሡ። «ሸጊቱ ዛሬ እዚህ የተቀመጠችው የመሬቱ ሽቦ ስለተለካ ነው። ለመለካት ማሽኑ ግማሽ ቀን ቢቆም ነው፤ ሰው ይተርፋል፤ የተበላሸ ሞተርም እሳት ሳያስነሣ ይታወቃል። እንግዲህ በየዓመቱ ይለካ። የነዘረውም ሰው ችሎ ዝም አይበል፤ ዕለቱን ይናገር።»

አዳራሹ በአንድ ድምፅ ተስማማ። ሸጊቱ ግን ስሟ በሰው ፊት መነሣቱ አሳፍሯት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።