ከጥቁሩ ቀለም ሥር የተረፈው ስም

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት፣ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ሰውን ከሰው በሚያጣላበት ሰሞን፣ የተማሪዎቼን የማጠቃለያ ፈተና ላስጽፍ ወደ ናጅዋ ቤት ሄድኩ። ናጅዋ በኮምፒውተር ከኮሌጅ የተመረቀች የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን አስቀምጣ ትሠራለች። እኔ መምህር ነኝ፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረብኝም። ስለዚህ ከእኔ ቀድመው ገብተው፣ ደህናውን ኮምፒውተር ይዘው፣ በአንድ ጣት ፊደል እየፈለጉ የሚጫኑ ሽማግሌ ሳይ ደሜ ፈላ።

ሽማግሌው ጋሽ ሞገስ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ፈጅተው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በቀወት ወረዳ በአንዱ ቀበሌ የአገር ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሆነዋል። ሐቀኛነታቸውን ጠላታቸውም አይክድም፤ ግትርነታቸውን ግን ወዳጃቸውም አይችለውም። በዚያ ዓመት ደግሞ የኮምፒውተር ሥልጠና ወስደው ሰርተፍኬት ስለተሰጣቸው፣ ያቺን ሰርተፍኬት ላሚኔት አስደርገው በኮታቸው ኪስ ይዘዋት ይዞራሉ። በዚያ ሙቀት ኮት የሚለብሱትም ለእሷ ሲሉ ይመስለኛል።

«እንደምን ዋሉ መምህር፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አሉኝ። የእሳቸው ትንሽ ምን ያህል እንደሆነ ስለማውቅ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

የመጡበት ጉዳይ እንዲህ ነው። በጥር ወር በቀበሌያቸው የአቶ በላይ የማሽላ ክምር ተቃጠለ። አቃጣዩ ስላልታወቀ ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ተቀመጡ። በአውጫጭኝ የመንደሩ ሰው በሙሉ ከዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው እየቀረበ ያየውንና የሰማውን በሽማግሌዎቹ ጆሮ ይናገራል። እውነቱን ያወጣው ሰው ወፍ ይባላል። ሽማግሌዎቹ በሸንጎው ፊት «ወፍ ነገረን» ይላሉ እንጂ፣ ወፉ ማን እንደሆነ ለሚስቶቻቸው እንኳ አይናገሩም፤ ምለውበታል። በዚህ መንገድ ክምሩን ያቃጠለው ሰይፉ የሚባል ጎረቤት መሆኑ ታወቀና ካሣ ተፈረደበት። ሰይፉ ደግሞ ወንድሞች አሉት። ከዚህ ቀደም በእነሱ ላይ ችሎት ቆሞ የመሰከረ አንድ ገበሬ፣ በሬዎቹ ቋንጃቸው ተቆርጦ ስላገኛቸው ልጆቹን ይዞ አገር ለቋል።

የሰይፉ ቤተሰብ ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጠን አለ። ሕግ የሚማረው የወንድሙ ልጅ ሚኪያስ ደግሞ በሶፍት ኮፒ እንዲሆን ጠየቀ። ጋሽ ሞገስ ደስ አላቸው፤ ሰርተፍኬቷ ሥራ አገኘች። ውሳኔውን ራሳቸው ጻፉት፤ ማን ምን እንዳለ አንድም ሳያስቀሩ፣ የወፉንም ስም ጨምረው። ከዚያ ስሙ ያለበትን ቦታ ሁሉ በጥቁር ቀለም ሸፈኑት። ያን ዕለት ሚኪያስ ከደብረ ብርሃን ወርዶ ፋይሉን ሊረከብ ቀጠሮ ነበራቸው።

ናጅዋ በአጠገባቸው ስታልፍ ስክሪኑን አየችና ቆመች።

«ጋሽ ሞገስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ጥቁር ምንድን ነው?»

«የወፉ ስም ያለበት ነው። አጥፍቼዋለሁ።»

«አልጠፋም እኮ። ተሸፍኖ ነው ያለው።»

ጋሽ ሞገስ መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሲያወልቁ ንግግር ሊያደርጉ ነው ማለት ነው። በፍርድ ቤት ዘመናቸው ሙሉ መታየት የሌለበትን ስም በጥቁር ቀለም ሲሰርዙ እንደኖሩ፣ አንድም ዳኛ፣ አንድም ጠበቃ አንብቦት እንደማያውቅ፣ ናጅዋ ገና ሳትወለድ ይህን ሥራ እንደጨረሱት ዘረዘሩላት። እሷም በትዕግሥት ሰማቻቸው። እኔ ብሆን ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አቋርጣቸው ነበር።

«እውነትዎን ነው» አለች ሲጨርሱ። «ወረቀት ላይ ቀለሙ ፊደሉን ይበላዋል። እዚህ ግን ፊደሉ እንዳለ ተኝቶ ከላዩ ጨርቅ እንደማልበስ ነው። ጨርቁን ያነሣ ሰው ያየዋል።»

«ማን ነው የሚያነሣው? የገጠር ሰው እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ሚኪያስ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው።»

«የሚኪያስን አያት አውቃቸዋለሁ። ጨዋ ቤተሰብ ናቸው።»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። ጨዋ ቤተሰብ የሰው ክምር ያቃጥላል ወይ፣ የሰው በሬ ቋንጃ ይቆርጣል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጋሽ ሞገስም ነገሩ የሽማግሌ እንጂ የመምህር እንዳልሆነ በትሕትና አስታወሱኝ። በትሕትና መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ናጅዋ ግን ክርክሩን ተወችና ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ለትንሽ ጊዜ ፊትዎን ወደ በሩ ያዙሩልኝ። እርስዎም ማየት የለብዎትም።» ዞርኩ። ከመናኸሪያው «ጀውሃ፣ ጀውሃ» የሚል የረዳት ጩኸት ይሰማል። ከኋላዬ ደግሞ ማውሱ ቀጭ ቀጭ አለ፤ ጥቁሩን መርጣ፣ ቀድታ፣ ባዶ ገጽ ላይ ልትለጥፈው እንደሆነ ለእሳቸው እያስረዳች ነው። ከዚያ «ይኸው፣ ስሙ ወጣ» አለች። ጋሽ ሞገስ ሲተነፍሱ ሰማኋቸው።

ያበቃለት መስሎኝ ነበር። አላበቃም። «ይህ ያንቺ ኮምፒውተር ስለሆነ ነው» አሉ።

ናጅዋ «ወላሂ፣ አንዳንዴ ሰው በሐቀኛነቱ ባይከበር ይሻል ነበር» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እሷ ግን ፋይሉ ያለበትን ፍላሽ ነቅላ ሌላኛው ኮምፒውተር ላይ ሰካችው። ያው ሆነ። እሳቸውም ምናልባት ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ቢለውጡት እንደሚድን ተናገሩ፤ በሥልጠናው ላይ ፒዲኤፍ አይነካም ተብሎ ነበር። ለውጣ አሳየቻቸው። ከፒዲኤፉም ሥር ስሙ ወጣ። በዚህ መሐል መብራት ጠፋ፤ እስኪመጣ ድረስ ጋሽ ሞገስ ስለ መብራት ኃይል እንጂ ስለ ስሙ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

መብራቱ ሲመለስ ፊቴን መለስኩ። ጋሽ ሞገስ ፍላሻቸውን በራሳቸው እጅ መልሰው ሰክተው፣ «ለማንኛውም ፋይሉ በሥርዓት የተቀመጠ መሆኑን መምህር ይዩልኝ» ብለው ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት። እኔም አየሁ። በፍላሹ ውስጥ አንድ ፋይል ብቻ አለ። የፋይሉ መጠሪያ ሆኖ የተጻፈው የወፉ ስም ከነአባቱ ነው።

በየገጹ ጥቁር የለበሰው ስም፣ ደጃፉ ላይ ራቁቱን ቆሟል። የማውቀው ሰው ነው፤ ስንገናኝ የልጆቻችንን ደህንነት የምንጠያየቅ።

«መምህር፣ አዩት?» አሉ ጋሽ ሞገስ።

«አየሁት።»

ቁጭ አሉ። ኮታቸውን አወለቁ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ያላወለቁትን ኮት አውልቀው ጭናቸው ላይ አጠፉት። «በመስቀል ምዬ ነበር» አሉ። «ያ ሰው በጆሮዬ ሲናገር ደጋግሞ ወደ ኋላው ይመለከት ነበር። አይዞህ፣ ከእኔ ጋር ይቀበራል አልኩት።»

ከዚያ በኋላ ልቆጣቸው አልቻልኩም። ናጅዋም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ለምን ጻፉት?» አለቻቸው።

«ያልተጻፈ ነገር ያልተሠራ ይመስለኛል፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ነው የኖርኩት። ምስክር የሌለው ውሳኔ ሳይ እጄን ይበላኛል።»

«አባቶቻችሁ በአውጫጭኝ የወፉን ስም በምን ነበር የሚሸፍኑት?»

«በምንም። አይናገሩትማ።»

«በቃ፣ ኮምፒውተርም የሚፈልገው እሱን ነው። እንዲደብቅልዎ አይመኑት። እንዳይታይ የሚፈልጉት ነገር ከፋይሉ ይውጣ እንጂ ፋይሉ ውስጥ አይሸፈን።»

ጋሽ ሞገስ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ሥልጠናው ያላስገባላቸውን ነገር ወግ አስገባላቸው። ልጁ ከመድረሱ በፊት ምን ይደረግ ብለው እንደ ተማሪ ጠየቁ።

ናጅዋ አሮጌውን ፋይል ማስተካከል አልፈለገችም፤ ፋይል የተጻፈበትንና የተሰረዘበትን ሁሉ በሆዱ ይዞ ሊቀር ይችላል አለች። ጽሑፉን ብቻ፣ ያለ ጥቁሩ ቀለም፣ ወደ አዲስ ፋይል አዛወረች። ከዚያ ስሙ ባለበት ቦታ ሁሉ ስሙን አጥፍታ «ወፍ» ብላ ጻፈች። ጋሽ ሞገስ ጥቁሩ መስመር ይቅር በሚለው አልተስማሙም፤ ሽማግሌ የሸሸገውን ነገር መሸሸጉን ማሳየት አለበት፣ ይህ ክብር ነው አሉ። በዚህስ ትክክል ናቸው። ስለዚህ «ወፍ» በሚለው ቃል ላይ ጥቁሩን መልሳ ደረበችበት።

ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ናጅዋ ግን ከመጀመሪያው አንሥታ ታነብላቸው ጀመር፤ እኔም በሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ወፉ የት ቆሞ እንዳየና ምን ሊያደርግ ወጥቶ እንደነበር የሚናገሩ ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። ስሙ ቢወጣም መንደሩ በእነዚያ ብቻ ሰውየውን ያውቀዋል። በእያንዳንዱ ላይ «ይህም ይውጣ?» «ይውጣ» ይባባላሉ። ጋሽ ሞገስ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሲሰናበቱ ያቃስታሉ፤ በመጨረሻ ግን «ለውሳኔው አያስፈልግም፣ አውጪው» ማለት የጀመሩት እሳቸው ነበሩ። አዲሱ ፋይል በቀበሌው ስምና በቀኑ ተሰየመ። የተገለበጠውም ከካርቶኑ በወጣ አዲስ ፍላሽ ላይ ነው፤ ከአሮጌው ፍላሽ ላይ ያጠፉትን ነገር መልሶ የሚያወጣ ፕሮግራም እንዳለ ናጅዋ ስትነግራቸው፣ ጋሽ ሞገስ አሮጌውን ነጥቀው ኪሳቸው ከተቱት።

ሚኪያስ የላፕቶፕ ቦርሳውን አንግቶ ከባጃጅ ሲወርድ ገና አልተረጋጋንም ነበር። ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። ጋሽ ሞገስን ትከሻቸውን ሳመ፣ ለእኔ ጎንበስ አለ፣ ፍላሹን በሁለት እጁ ተቀበለ። ጋሽ ሞገስም «አላልኳችሁም?» በሚል ዓይን አዩን።

«ከመሄዴ በፊት መከፈቱን ላረጋግጥ» አለ ልጁ፤ ላፕቶፑንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከፈተው። ውሳኔውን አላነበበም። ማውሱን በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ጥቁር ወሰደ፤ መረጠ፣ ቀዳ፣ ባዶ ገጽ ላይ ለጠፈ።

ስክሪኑ ላይ «ወፍ» የሚል ቃል ወጣ።

ወደ ሁለተኛው ሄደ። «ወፍ»። ወደ ሦስተኛው ሄደ። ከዚያ ጥቁሩን ቀለም በአንድ ጊዜ ከሰነዱ ሁሉ ገፈፈው፤ በየቦታው ያው ወፍ ነው። ፋይሉን ማን እንደሠራው የሚያሳየውንም ቦታ ከፍቶ አየ፤ ከናጅዋ ቤት ስም በቀር የለም። ናጅዋ እጆቿን አጣጥፋ ቆማለች። ጋሽ ሞገስን ማየት ፈራሁ። የሚያውቋቸው የጨዋው አያት ልጅ ልጅ፣ ፊታቸው ቁጭ ብሎ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ያቺኑ ነገር አደረጋት።

ሚኪያስ ላፕቶፑን ዘጋና አመስግኖ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«ጋሽ ሞገስ፣ ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር የተጻፈው?»

«ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ሞገስ።

ልጁ ከሄደ በኋላ ሽማግሌው ወጥተው ከደጃፉ ድንጋይ አነሡና አሮጌውን ፍላሽ መሬት ላይ አስቀምጠው አደቀቁት። የባጃጅ ሾፌሮች ሳቁባቸው። እሳቸውም ስብርባሪውን ለቅመው በመሐረብ ቋጠሩ። ወደ ውስጥ ተመልሰው፣ ፍላሹ ውስጥ የነበረው ፋይል በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ አለመቅረቱን ናጅዋ እስክታሳያቸው ድረስ አልተቀመጡም። ያን ያህል ያደረቁን ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ከናጅዋ የባሱ ጠንቃቃ ሆኑ፤ የእኔ ፈተና ደግሞ ሳይጻፍ ዋለ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የምትወስደው ብዙ አይደለም። የጤና ጣቢያ ካርድ ይሁን የፍርድ ቤት ቃል፣ ወይም የደመወዝ ዝርዝር፣ ለሌላ ሰው ከመስጠትህ በፊት መታየት የሌለበትን አውጣው፤ ቀለም አትቀባው። የፋይሉን መጠሪያም እይ። ስም ሳይጠራ ሰውየውን የሚያሳውቀውን ዓረፍተ ነገርም እይ። ከዚያ እንደ ሚኪያስ ሆነህ ራስህ ሞክረው። ይህን ያደረገ ቀበሌ በሚቀጥለውም ዓመት ወፍ አያጣም፤ እውነት የሚናገር ሰው የሚገኘው ትናንት የተናገረው በሰላም ሲኖር አይቶ ነውና። ጋሽ ሞገስ ይህንኑ አሁን በየሽምግልናው እየዞሩ ያስተምራሉ፤ መነጽራቸውንም አውልቀው ነው፣ ሰሚ ይታገሥ።

የወፉን ስም እኔ አውቀዋለሁ፤ ባላውቀው በወደድኩ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ግን አታገኘውም፤ አስገብቼ አልሰረዝኩትም፣ ከመጀመሪያውም አልጻፍኩትም። ገበያ ስንገናኝ ግን ስለ ቤተሰቡም ስለ ከብቱም ሳልጠይቅ አላልፍም።

«ሁሉም ደህና ነው። ምነው ሁልጊዜ ትጠይቀኛለህ?» ይለኛል።

«እንዲያው ነው» እለዋለሁ።