ጥላ ተከትለን ስለተሻገርነው ወንዝ

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ዓብዱልቃድር ዑስማን
ዕድሜ፦ 58 ዓመት
ሥራ፦ የጨው ነጋዴ
አድራሻ፦ ሰቆጣ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ሐምሌ 4 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ፣ ፖሊስ ጣቢያ
መሐላ፦ በቁርኣን ምሏል

ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር የምሰጠው ቃል የሚከተለው ነው። ወይዘሮ እታለም እና አቶ አሥራተ ማርያም ከኒሯቅ ወዲያ ባለች ወንዝ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ጨው ይዤ ስመላለስ በሁለቱም ቤት አድሬ አውቃለሁ። ወንዟ በበጋ ደረቅ ናት፤ ወዲህ ያለው በእኛ በዋግ አውራጃ፣ ማዶው በትግራይ ክፍለ ሀገር ይቆጠራል። በሚያዝያ ወር የአሥራተ ማርያም በሬ የወይዘሮ እታለምን በሬ ወግቶ ገደለው። እርሷ ባሏ የሞተባት ናት፤ የቀራት አንድ በሬ ብቻ ነው፣ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ጦም ያደረ መሬት ለሌላ ይሰጣል ስለተባለ መሬቷን እንዳትነጠቅ ፈርታለች።

ሁለቱም ወደ መንግሥት መሄድ አልፈለጉም። እርሷ እኔን፣ እርሱ ቄስ ገብረ ሊባኖስን ሽማግሌ አድርገው መረጡ። በግንቦት ሚካኤል ማግስት ጠዋት፣ በወዲህኛው ዳር ካለው ግራር ሥር ተቀመጥን። በዚያ አገር ሽማግሌ ፀሐይ አናቱን እየመታው አይፈርድም፤ የንዴት ፍርድ ይሆናል ይባላል። ስለዚህ ጥላው በዞረ ቁጥር እየተነሣን ከጥላው ጋር እንጠጋለን። ነገሩም ረዘመ። ቄሱ ስለ በሬው ጠባይ ብዙ ጠየቁ፤ አሥራተ ማርያምም በሬው ገራም ነው እያለ ሲምል ዋለ። ገራም ከሆነ የእታለምን በሬ ማን ገደለው አልኩት። ከሰዓት በኋላ ጥላው ደረቁን ወንዝ አቋርጦ ነበር፤ እኛም አብረን አቋርጠናል። በጊዜው ማንም ልብ አላለም። ወደ ማታ የወጋው በሬ ለእታለም ይሰጥ፣ እርሷ ያላት ወንድ ጥጃ አድጎ ለቀንበር እስኪደርስ ትረስበት፣ ከዚያ ይመለስ ብለን ወሰንን። አሥራተ ማርያም ተስማማ፤ በሬውንም ራሱ ነድቶ አስረከባት።

በሰኔ የማዶው ፍርድ ሸንጎ ይህን ሰምቶ፣ በአዲሱ መመሪያ መሠረት በእኛ መሬት ያለ እኛ ፈቃድ የተሰጠ ውሳኔ ውድቅ ነው አለ። የወዲህኛው ሸንጎ ደግሞ በእኛ ዘንድ የተሰጠ ከሆነ እናጸናዋለን፣ ማዶ የተሰጠ ከሆነ አያገባንም አለ። ይህ እስኪጣራ በሬው በጣቢያው ግቢ ታስሯል። ከሳሹ ማን እንደሆነ ጠይቄ ነበር፤ እስካሁን አልገባኝም። ሁለቱ ባለጉዳዮች ታርቀዋል።

ዛሬ ጠዋት ወደ ጣቢያው ስገባ ወይዘሮ እታለም በር ላይ ይዛኝ "አያ ዓብዱልቃድር፣ ወዲህ ነበርን ይበሉ፤ ጠዋት ወዲህ አልነበርንም?" አለችኝ። ነበርን፤ ውሸት ተናገር አላለችኝም። መርማሪው ግን የጠየቁኝ ውሳኔው ከአፋችሁ ሲወጣ የት ተቀምጣችሁ ነበር ብለው ነው። ሽምግልናው ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ነው፣ እንዴት ይከፈላል ብላቸው፣ አንዱን ይናገሩ አሉኝ። ማዶ ነበርን ብያለሁ።

ይህን ጊዜ አሥራተ ማርያም ከደጅ ሆኖ ሰምቶ "እንግዲያ ውሳኔው ወድቆ በሬው የኔ ከሆነ ስጡኝ፤ ዛሬውኑ ለእሷ እነዳላታለሁ!" ብሎ ጮኸ። መርማሪው ውድቅ የሆነ ውሳኔ መፈጸም ክልክል ነው አሉት። ሰው በሬውን ለጎረቤቱ ማዋስ ይችል እንደሆነ እኔ ጠየቅኩ። መርማሪውም ለበላይ ይጠየቃል አሉኝ። መልሱ እስኪመጣ በሬው እንደታሰረ ይቆያል፤ ዝናቡ ግን ከገባ ሰንብቷል። ወይዘሮ እታለም ፊቷን ከእኔ አዙራ ከግቢው ወጥታለች።

ከላይ የሰጠሁት ቃል ተነብቦልኝ የራሴ ቃል መሆኑን፣ እውነትም መሆኑን አረጋግጣለሁ። እውነት በመሆኑ ግን አዝኛለሁ፤ ይህም ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፎልኛል።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዓብዱልቃድር ዑስማን
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ የአሥር አለቃ ምንዋጋው (ፊርማ)