ከዲማ የመጣው ሲዲ

ከአቦቦ ወደ ጋምቤላ በምንሄድበት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ላፕቶፕ ጭኗ ላይ ከፍታ፣ በመስኮቱ በኩል ላለው ሰውዬ ታሳየዋለች።

«ድምፅ አለው፤ ምስሉ ግን ጥቁር ነው። ሲዲውን ባለቤቴ ነው ከዲማ የላከው፤ እዚያ ወርቅ ያወጣል።»

«ዊንዶውስ አይደለም እንዴ?»

«ሊኑክስ ነው አሉኝ። ኮምፒውተሩ የወንድሜ ነው።»

«የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ምስሉን የሚያወጣው ፕሮግራም፣ አልተጫነም፤ እሱን ለመጫን ደግሞ ኢንተርኔት ይፈልጋል።»

«እና አይሆንም?»

«ቆይ እስቲ፣ ማጫወቻው የግራፊክስ ካርዱን ሳይጠቀም እንዲያሳይ ላድርገው። ይንቀረፈፋል እንጂ ይታያል።»

«ድምፁንማ ስሰማው ነው የሰነበትኩት። ‹አታስቡ፣ ደህና ነኝ፣ እንዲያውም ወፍሬያለሁ› ይላል።»

«ይኸው፣ መጣ።»

ሴትዮዋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ሲዲውን እስከ መጨረሻው አየችው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ድራይቨር የሚሉት ከሌለ ሰውን አቅጥኖ ያሳያል እንዴ?»

«አይ... ያንቀረፍፈዋል እንጂ አያቀጥንም።»

ላፕቶፑን ከደነችው።

«ረዳት! የዲማ መኪና ከየት ነው የሚነሳው?»

ጋምቤላ ለመግባት ገና ብዙ ቢቀረንም፣ እግሬን ሰብስቤ መውጫ ለቀቅኩላት።