ከአንሶላ ጋር የተላከችው ድመት

ነይ እስቲ ጠጋ በይ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ። ክረምቱ እንዴት ያዘሽ? ጣሪያሽ አሁንም ያፈሳል? እኛስ ደህና ነን። ካውያው ከመጋረጃው ወዲያ ሲንሿሿ ይሰማሻል አይደል? የእንግዳ ማረፊያው አንሶላ ነው፤ አንድ እጥፋት አይበላሽም፣ የምራቴ እጅ ይባረክ...

አንድ ነገር ላጫውትሽ። እዚህ ቤት የሆነ አይደለም ደግሞ! ሌላ ቤት ነው። እዚያም አንሶላ ይተኮሳል፤ አንሶላ የሌለው ማን አለ?

አንዲት ምራት አውቃለሁ። እንዴት ያለች ሩኅሩኅ መሰለችሽ! እንቅልፍ እምቢ ቢላት ሐኪም ዘንድ ሄደች። እሱም ክኒን ሰጣት፤ ማታ ግማሽ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ ለራስሽ ብቻ አላት። መድኃኒቱማ ምን አጠፋ? ለታዘዘለት ሰው፣ በታዘዘው ልክ ሲሆን ደግ ነገር ነው። ግን ቸር ሰው በግማሽ ይረካል እንዴ? ግማሹ ሙሉ ሆነ። ሙሉው ሲጥማት ደግሞ ብቻዬን እንዴት እተኛለሁ አለችና አማቷን አሰበቻት። አማትየው አሮጊት ናት፣ ማታ ማታ ወሬ ታበዛለች፤ እንደ እኔ በያት። ምራት ታዲያ ክኒኑን ፈጭታ ወተቷ ውስጥ... ማር ጨምራ እኮ ነው! እንዳይመራት ብላ። እንዲህ የሚያስብ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

አሮጊቷ ጠዋት ጠዋት እግሯ እየከዳት ትወድቅ ጀመር። የልጅ ልጇ ስም ይጠፋባታል። ልጇ፣ አናጢው፣ "እማዬ አእምሮዋ ደከመ" ብሎ አለቀሰ። ምራትም አብራው አለቀሰች፤ እንባዋ ቅርብ ነው። "አረጋውያን ማቆያ እናስገባት፣ እዚያ ጠባቂ አላት" አለችው። ያችን አሮጊት፣ ሟች ባሏ በእጁ ከሠራላት ቤት! ሻንጣዋን እንኳ ራሷ አሰናዳችላት። ምን ያላደረገችላት አለ?

ካውያው ዝም አለ እንዴ? መብራት ጠፍቶ ይሆናል... ተይው።

አንድ ማታ አሮጊቷን ወተቱ አላሰኛትም፤ የቤቱ ድመት ጠጣችውና የአንሶላው ቅርጫት ውስጥ ተጋደመች። ጠዋት ምራት፣ ድብታው ገና ሳይለቃት፣ ድመቷን ሳታያት የተተኮሰውን አንሶላ በላይዋ ደረበች። ባሏ ቅርጫቱን ተሸክሞ እንግዳ ማረፊያው አደረሰ። አልጋ አንጣፊዋ አንሶላውን ብታነሳ... ድመት! ቢነካኳት አትነቃ፣ ቢጠሯት አትሰማ፣ ግን ትተነፍሳለች። አናጢው አቅፎ መሬት ላይ ሊያቆማት ቢሞክር እግሯ ከዳት። ያን አወዳደቅ ያውቀዋል፤ የእናቱ ነው። ሮጦ ቤት ገባና የወተቱን ኩባያ አነሳ፤ ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ተጋግሯል።

ከዚያማ ሁሉም ደህና ሆነ። ድመቷ እዚያው እንግዳ ማረፊያው ቀረች፤ ወተት ስታይ ትሸሻለች አሉ። ልጅየው የእናቱን ወተት ራሱ ያፈላል። ምራት ወደ ሐኪሟ ተመለሰች፤ በአንዴ መተው ይጎዳል ብሎ ቀስ በቀስ እያስቀነሳት ነው፣ ክኒኑም ባሏ ኪስ ይውላል። ሻንጣው ቁም ሳጥን ላይ ተመለሰ። አሮጊቷ የልጅ ልጇን በስሟ ትጠራለች፤ ወሬዋንም ይኸው ለጎረቤቷ ታወራለች።

እኔ ቂም አላውቅም ልጄ፣ እመርቃታለሁ እንጂ። ዕድሜ ይስጣት፤ ፀጉሯ እንደ አንሶላዋ ይንጣ። ያን ጊዜም ልክ እንደ እሷ ያለች ምራት ይስጣት፣ ወተቷን በማር አጣፍጣ የምታቀርብላት፣ ሻንጣዋንም የምታሰናዳላት።

አሜን በይ እንጂ! ጮክ በይ፤ ከመጋረጃው ወዲያም ይሰማ።