ያረጀ ውሻ በአይሱዙ አይሸኝም

«አንቺ ልጅ፣ ዘንቢልሽ ተንቀሳቀሰ!»

እትዬ ውባንቺ ይህን ያሉት መርካቶ ውስጥ፣ ከበርበሬ በረንዳ ወደ ሰባተኛ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በአንድ እጃቸው ሊቀነጥሱ የተቀበሉትን ዛላ በርበሬ በፌስታል አንጠልጥለዋል፤ በሌላው እጃቸው ጋሪ ገፊውንም ተሸካሚውንም «ዞር በል!» እያሉ መንገድ ያስለቅቃሉ። እንዲህ ሲያስለቅቁ ነው ሰብለ ወንጌል ፊት ለፊታቸው የመጣችው። ሰብለ ወንጌል የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ናት። በጀርባቸው አዝለው አሳድገዋታል፤ ተምራ የእንስሳት ሐኪም ከሆነች በኋላ ግን ለዓመት በዓል ካልሆነ ብቅ አትልም።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ውባንቺ! እግዜር ነው ያገናኘን። ቤትዎ ልምጣ አልምጣ እያልኩ እያመነታሁ ነበር።»

«ለኔ ቤት ማመንታት ከየት ተማርሽ? ደግሞ ይሄ የሚንቀሳቀሰው ምንድነው?»

ሰብለ ወንጌል የዘንቢሉን ጨርቅ ገለጥ አደረገች። ድመት የሚያክል፣ ነጭነቱ ወደ ቢጫ የሄደ፣ አፉ ዙሪያ የሸበተ ውሻ ቀና ብሎ አያቸው። አንድ ጆሮው የተቀደደ ነው። እትዬ ውባንቺ ያንን ጆሮ ያውቁታል።

«ብሎን! የማሙሸት ብሎን አይደለም እንዴ ይሄ?»

ጋሽ ማሙሸት ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበሩ። በበርሜል ክዳን ምጣድ፣ በዘይት ቆርቆሮ ከሰል ማንደጃ ይሠራሉ፤ ብሎን ደግሞ ከመዶሻው ሥር ተጋድሞ ይውላል። ስሙንም እሳቸው ናቸው ያወጡለት፤ ትንሽ ግን የማይላቀቅ ነው ብለው። ያን ጊዜ መንደሩ መንደር ነበር። አንዱ ቤት ሽንኩርት ሲጠበስ ሌላው ቤት ያስነጥሰዋል፤ አንዱ ሬዲዮ ሲከፍት ሁሉ ዜና ይሰማል፤ የታመመ ሰው በሩን ካልከፈተ ገና ሳይረፍድ አንኳኪው ይበዛል። መንደሩ ሲፈርስ ግማሹ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ግማሹ አገሩ ተመለሰ፣ የቀረው መቃብር ወረደ። ከዚያ ሁሉ ሰው የተረፉት ዳር ላይ ያሉት የእትዬ ውባንቺና የእትዬ ጠሂራ ቤቶች ብቻ ናቸው። የእትዬ ውባንቺ ልጅ ብሥራትም ሰሞኑን ስልክ በደወለ ቁጥር «እማዬ፣ ዕቃሽን የሚጭን አይሱዙ ልላክና እኔ ጋ ግቢ» ይላቸዋል። እሳቸውም «እስቲ ላስብበት» ይሉታል።

«ጋሽ ማሙሸት ሲያርፉ ልጃቸው ልታኖረው አልቻለችም» አለች ሰብለ ወንጌል። «እኛ መጠለያ አመጣችው። ባለቤት ያጡ ውሾችንና ድመቶችን የምናኖርበት ግቢ ነው፤ እናክማቸዋለን፣ እንከትባቸዋለን፣ ለሚወስዳቸው ሰው እንሰጣለን።»

«ውሻ ጡረታ ወጣ በይኛ! ሰው መቼ አገኘና!»

«ሊወስድ የሚመጣው ሁሉ ቡችላ ነው የሚመርጠው። ብሎንን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አይበላም፤ ሌሊቱን ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። መርምሬዋለሁ፣ በሽታ አላገኘሁበትም። እንዲህ ከቀጠለ ግን ክረምቱን አያልፍም። እርስዎ ቢወስዱልኝ ብዬ ነው፣ እትዬ። እምቢ ካሉኝ ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ።»

እትዬ ውባንቺ መንገደኛው ዞሮ እስኪያያቸው ሳቁ።

«እኔ? ካረጁ አይበጁ ሲባል አልሰማሽም? ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲያስተምሩሽ ኖሩ?»

ይሁን እንጂ በጀርባ ያዘሉትን ልጅ መንገድ ላይ አቁሞ መሸኘት ነውር ነውና ቤት ይዘዋት ገቡ። ዘንቢሉን ከበሩ ኋላ አስቀመጡ፤ በርበሬውን ሰፌድ ላይ ዘረገፉ። ሰብለ ወንጌልም ሳትታዘዝ ቁጭ ብላ መቀንጠስ ጀመረች። ትምህርት እጇን አላበላሸውም።

«ስሚኝ» አሉ እትዬ ውባንቺ። «በርበሬ በረንዳ ወግ ነበረው። የመጋዘን ውሻ ሲያረጅ፣ በርበሬ ሊያመጣ ወደ ገጠር በሚሄደው አይሱዙ ይጫናል። ዳቦ ይጣልለታል፤ ሾፌሩም ራቅ ያለ ቦታ ያወርደዋል። አይደበደብ፣ መርዝ አይበላ፣ በክብር ይሸኛል።»

«ካወረደው በኋላስ፣ እትዬ?»

«ከዚያማ ይኖራላ።»

«ማን አይቶት መጣ?»

«ሾፌሩ…» ብለው ጀመሩ። ሾፌር ጭነቱን አራግፎ ይሄዳል እንጂ ቆሞ አያይም። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ እሳቸው ግን እስከዛሬ የጠየቃቸው አልነበረም። ወዲያው ጥያቄ ቀየሩ።

«እብድ ውሻ ቢሆንስ? ቢነክሰኝስ?»

«ተከትቧል። በየዓመቱም እኔው እየመጣሁ እከትበዋለሁ። ሰፈር የሚያስነክሰውስ ቡችላ አምጥቶ፣ ሳያስከትብ አሳድጎ መንገድ ላይ መልቀቅ ነው።»

«እሺ፣ የግድ ውሻ ያዢ ከተባልኩ ለምን ቡችላ አታመጪልኝም? ይሄ እኮ ቀለሙ የለቀቀ የአምና ዛላ ነው።»

ሰብለ ወንጌል አንድ ዛላ አንስታ አየት አደረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለራስዎ ቤት ሲገዙ ምን ዓይነቱን ይመርጣሉ?»

«ይሄም ይጠየቃል? የደረቀውን ነዋ! ሚዛን እንዲከብድለት ነጋዴ ውኃ የረጨበት በርበሬ ዓይን ይሞላል፤ ቤት ሲገባ ይሻግታል። የደረቀው ግን ጆሮሽ ሥር ስትነቀንቂው ፍሬው ይንኳኳል። የሚደብቅሽ ነገር የለውም።»

«እንግዲያው ቡችላም ውኃ የተረጨበት በርበሬ ነው። ምን እንደሚያክል፣ ጫማ ይብላ ሰው ይንከስ፣ ካደገ በኋላ ነው የሚያውቁት። የብሎን ጠባይ ግን ያለቀለት ነው። አይዘልም፣ አያኝክም፣ ከሰሃንዎ የተረፈች ትበቃዋለች። ነቅንቀው ያውቁታል።»

በገዛ በርበሬያቸው መያዛቸው እትዬ ውባንቺን አናደዳቸው።

«ይሄን ምላስ ማን ሳለልሽ?»

«ያዘሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

ሳቃቸው መጣ፤ ዋጡት። እውነቱን እንናገር፦ ችግራቸው በሽታውም እርጅናውም አልነበረም። ችግራቸው ጠሂራ ናት። የወሎዋ ጠሂራ በየቀኑ ከምሳ በኋላ መጥታ አብራቸው ትቀነጥሳለች፤ ሰላቷ ሲደርስም እዚያው ጥግ ላይ ታደርሳለች። ውሻ ያለበት ቤት እንዴት ትግባ? ከዚያ ሁሉ መንደር የቀረቻቸው አንድ ሰው ናት። አንድን ሰው ደግሞ በውሻ አይለውጡም። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ኩሩ ሰው የሚፈራውን አይናገርም።

በሩ ላይ ጥላ አረፈ። እትዬ ጠሂራ ሰፌዳቸውን ይዘው መጥተው ከደፉ ላይ ቀጥ አሉ።

«ውባንቺ፣ ውሻ አለ እዚህ ቤት?»

«አይዞሽ፣ ግቢ! ሊመለስ ነው። አሮጌ ውሻ ውሰጂ ትለኛለች እቺ ሐኪም! ካረጁ አይበጁ ብዬ ነገርኳት።»

እትዬ ጠሂራ የበሩን መቃን ይዘው ተንከተከቱ። «ኧረ በአላህ! ማንን ነው የምትሰድቢው? ከዚህ ቤት ያላረጀው በርበሬው ብቻ ነው!»

ሰብለ ወንጌል አንገቷን ደፍታ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እትዬ ውባንቺ መልስ ሊወረውሩ አፋቸውን ሲከፍቱ በቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ሠፈር፣ በምናለሽ ተራ በኩል የምሳ ዕረፍቱ አብቅቶ መዶሻው ጀመረ። መጀመሪያ አንዱ ቀጥቃጭ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ።

ከበሩ ኋላ ዘንቢሉ ተንቀሳቀሰ። ብሎን ብቅ አለ፤ ጆሮውን አቆመ፤ የተቀደደውም ሳይቀር ቆመ። እግሩን እየጎተተ እስከ ደፉ ሄደና ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ ቆየ። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ተጋደመ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

«እኛ ጋ አንድም ቀን እንዲህ አልተኛም» አለች ሰብለ ወንጌል። «ግቢያችን ጸጥ ያለ ነው። ጸጥታው የሚያሳርፈው መስሎኝ ነበር።»

እትዬ ውባንቺ ባለፈው ፋሲካ ብሥራት ጋ የሰነበቱበትን እያሰቡ ነበር። ፎቁ ንጹሕ ነው፣ አልጋው ለስላሳ ነው፣ ውኃው በቧንቧ ይወርዳል። ግን ዝም ያለ ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተጣላ አይሰማም። ሌሊቱን ዓይናቸው ፈጦ አደረ፤ እህል አልወርድ አላቸው። ብሥራት ታመሙ ብሎ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው፤ ሐኪሙም በሽታ አላገኘባቸውም።

«ጠሂራ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ብሥራት አይሱዙ ልላክልሽ እኮ ነው የሚለኝ።»

እትዬ ጠሂራ ገባቸው። ውሻውን አዩ፣ ጓደኛቸውን አዩ፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ብሎንን በሰፊው ዞረው ገቡና የተለመደው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

«እኔን ፈርተሽ ከሆነ ተይው። ለተጠማ ውሻ ውኃ የሰጠ ሰው እኛም ዘንድ ምንዳ አለው። እሱ ደፉን ይያዝ፣ እኔ ጥጌን እይዛለሁ። ምራቁ ከነካኝ እታጠባለሁ። ውኃው በፈረቃ ቢመጣም ለእሱ አላጣም። የማሙሸት ውሻ ባይተዋር ሆኖ ከሚሞት እኔ ብታጠብ ይሻላል።»

«በርበሬውን ከነካ ግን ቆዳውን ነው የምገፈው!» አሉ እትዬ ውባንቺ። ሰብለ ወንጌል ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እንደዚያ መባሉ እሺታ መሆኑን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

ያን ቀን ማታውኑ ብሥራት ደወለ። «እማዬ፣ መኪናውን ልላክ?»

«አትላክ! ስናፍቅህ አንተው ና። ስትመጣም ደፉ ላይ እያየህ እለፍ፣ የተኛ አለ።»

ከዚያ ወዲህ እትዬ ውባንቺ ጠዋት ጠዋት ብሎንን ይዘው እስከ አማኑኤል ደርሰው ይመለሳሉ፤ የተሳሰረ ጉልበታቸው ተፍታታ። አይጥ ከጆንያው ሥር ጠፋች። ሰው በሩ ላይ ሲቆም ብሎን አንዴ «ሃው» ይላል፤ ሽማግሌ ነውና አይደግመውም። የመጠለያው ሰዎች ደግሞ በእሱ ቦታ ሌላ ባለቤት ያጣ ውሻ አስገቡ። ያረጀ ውሻ የወሰደ ሰው ማስተማር አይጠበቅበትም፤ የተማረ ነው የሚወስደው። ያስከተበው ደግሞ ራሱንም ጎረቤቱንም ይጠብቃል። ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያሻም።

በርበሬ በረንዳም ወጉ ተለውጧል። በቀደም አንዱ ነጋዴ የመጋዘን ውሻውን አይሱዙ ላይ ሊጭን ሲል እትዬ ውባንቺ ደረሱበት። ብሎንን በብብታቸው ይዘው መኪናው ፊት ቆሙ።

«ጫነው! ግን መጀመሪያ እናትህን ጠርተህ አጠገቡ አስቀምጣት!»

ነጋዴው ዙሪያውን አየ። ተሸካሚው ሁሉ ቆሞ ይስቃል። ገመዱን ፈታና ውሻውን አወረደው።