አቶ ይርጉን የጠበቀው ጽሑፍ

ይህን ዜና ሕይወት የጻፉት የሟቹ የአቶ ይርጉ ባለቤት ወይዘሮ ማንአልሞሽ ናቸው። በውስጡ ያለውን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ለማንም፣ ለአቶ ይርጉም ቢሆን፣ ተናግረው አያውቁም። በሰው ፊት ቆሞ ማንበብ ስለሚያሳፍራቸው የሟቹ ታናሽ ወንድም አቶ ተክለ ጻድቅ አንድ ቃል ሳይቀንሱ እንዲያነቡላቸው አደራ ብለዋል።

አቶ ይርጉ ከአባታቸው ከአቶ ሙላው ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባየሽ ወልዴ በ1939 ዓ.ም. ቡታጅራ ተወልደው፣ በአዲስ አበባ የመካኒክነት ሙያ ተምረው ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ፣ የአማርኛ መምህርት የነበሩትን ወይዘሮ ማንአልሞሽን አግብተው ሄዋንን ወለዱ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ መጥተው ኖርዝጌት ሰፈር ተቀመጡ፤ በአቅራቢያው ወዳለችው ኤቨረት ከተማም እየተመላለሱ ሠሩ። በዚሁ አቆጣጠር በ2007 የጆሮ ሕመም መስማትን ቢነሣቸውም የፊልም ፍቅራቸውን አልነሣቸውም። ከፊልሙ ሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን አንብበው ሳይጨርሱት ይጠፋባቸው ነበር።

ምስጢሩ ይህ ነው። ሄዋን ፊልሙን ኮምፒውተር ላይ ስትጭን፣ ወይዘሮ ማንአልሞሽ አቶ ይርጉ ለእግር ጉዞ የሚወጡበትን ሰዓት ጠብቀው ንግግሩን ወደ አማርኛ ይመልሱ፣ ፋይሉንም የፊልሙን ስም ሰጥተው ማጫወቻው እንዲያገኘው እዚያው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፊደል ስላልነበረው ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ቢወጣ አቶ ይርጉ ከት ብለው ሣቁ። ሲስተካከልም «አማርኛው ከኢንተርኔት የወረደ ነው» ተባሉ፤ የታዘነላቸው ከመሰላቸው ሪሞቱን አስቀምጠው የሚነሡ፣ ዳግመኛም የማይቀመጡ ሰው ነበሩና።

መስመሩ ቶሎ እንዳይነጠቅባቸው ወይዘሮ ማንአልሞሽ ቃሉን እያሳጠሩ ጽሑፉን ያቆዩት ነበር። ስለዚህ አቶ ይርጉ የሚሥቁት ሌላው ሥቆ ካበቃ በኋላ ነበር። ዘመድ ሁሉ «ምስኪን፣ ሰው ሲሥቅ አይቶ ይሥቃል» ይል ነበር። ሐሰት ነው። የሚሥቁት ቀልዱ ሲደርሳቸው ነበር።

በአንድ የገና በዓል፣ ይህን የሚያነቡት አቶ ተክለ ጻድቅ ከታኮማ መጥተው፣ «ይሄ ሰብታይትል እኮ ከአፋቸው ጋር አይሄድም፤ ማን ሰነፍ ነው የሠራው?» አሉና ሪሞቱን አንሥተው ከዝርዝሩ እንግሊዝኛውን መረጡ። «ኦኬ፣ አሁን ፐርፌክት ነው።» ወይዘሮ ማንአልሞሽ አንገታቸውን ደፉ። አቶ ይርጉ ጥቂት አይተው ተነሡ፤ ሪሞቱን ከወንድማቸው እጅ ወስደው አማርኛውን መልሰው መረጡ፤ ፊልሙንም ከመጀመሪያው አስጀመሩት።

«የናንተው ጥሎኝ ይሄዳል» አሉ፤ «ይሄኛው ይጠብቀኛል።»

ቤቱ ሙሉ እንግዳ እስከ መጨረሻው ከሳቸው ጋር ቀስ ብሎ አየ። አቶ ይርጉ የማን ሥራ እንደሆነ ያውቁ ነበር ወይ? ወይዘሮ ማንአልሞሽ አልጠየቁም፤ ዛሬም መልሱን አይሹም። ሥራው ግን የሰነፍ እንዳልነበረ ለቀስተኛው ሁሉ ይስማ።

አቶ ይርጉ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ፣ በዚሁ በፈረንጆች 2016፣ ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ሄዋንን፣ የልጅ ልጃቸውን ናሁምንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። በዘገየ ሰው ላይ የማይቸኩል አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ይቀበልልን።

ባረፉ በማግስቱ ጠዋት፣ ለቀስተኛ ቤቱን ሳይሞላው፣ ወይዘሮ ማንአልሞሽ ኮምፒውተሩን ከፍተው በግማሽ የቀረውን ፊልም ተርጉመው ጨረሱ። ሄዋን ለማን እንደሆነ ብትጠይቃቸው፣ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ስም ጻፉ፤ አቶ ይርጉ ቢኖሩ አንብበው እስኪጨርሱት ድረስም በስክሪኑ ላይ አቆዩት።