ቢጫው ወተት

«ከማሳችሁ የሚወጣው እርድ ደብዛዛ ነው። የልጅሽ ወተት ታዲያ ከምን እንዲህ ቢጫ ሆነ?»

ይህን የጠየቀችኝ ናርጊስ ናት። የባሌ አባት፣ የአማቼ የሞፋዛል የወንድም ልጅ ናት፤ ፓብና ከተማ ጤና ተምራለች። ወንዙ ዳር ከጀልባ ስትወርድ ተገናኘን። ልጄን ቱሊን ታቅፌ ወተቷን እያጠጣኋት ነበር። ቱሊ ሆዷን ያማታል፤ የምታውቃቸውንም ቃላት እየረሳች ነበር። እኛም መድኃኒት ነው ብለን እርድ በወተት እንሰጣታለን።

አማቼ ኑሮው እርድ ማሸት ነው። የደረቀውን ሥር በርሜል ውስጥ እያሽከረከረ፣ እንዲደምቅለት ከገበያ የገዛውን ቢጫ ዱቄት ያለብሰዋል።

ናርጊስ ቤት እንደገባን ነገሩን አነሳች።

«አጎቴ፣ ያ ዱቄት የፋብሪካ ቀለም ነው። እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት። የልጅ አእምሮ ይጎዳል።»

«ዶክተሯ መጣችልን» አለ አማቼ እየሳቀ። «ደብዛዛ እርድ ማን ይገዛኛል? አንቺ?»

«እገዛዎታለሁ።»

«አንቺ አንድ ኪሎ ብትገዢ ነው። የቀረውን ጆንያ ምን ላድርገው? አባቴም ቀለም ይቀባ ነበርኮ።»

«አያቴ የሚቀቡት የእርዱን የራሱን ዱቄት ነበር።»

«እሱማ ወዲያው ይወይባል፣ ልጄ። ነጋዴ ዓይኑ ነው የሚገዛው።»

አማቼ ክፉ ሰው አይደለም። ለቱሊ ወተት ከሁሉ የደመቀውን እርድ የሚመርጥላት እሱ ነበር። ናርጊስ ቀና ብላ ከጣሪያው ሥር የተንጠለጠለውን፣ እኔ ማንበብ የማልችለው ጽሑፍ ያለበትን ጣሳ አየች።

«ዱቄቱን ለምን እዚያ ሰቀሉት?»

«ፍየሎቹ እንዳይልሱት ነዋ። አምና አንዷ ልሳ ሞታብኛለች።»

ይህን ብሎ ቱሊን አያት። ሳቁ ጠፋ።

«ለእሷ የመረጥኩላት ከሁሉ ቢጫውን ነበር» አለ።

ከዚያ ወዲህ እርዱን የሚያሸው ያለ ቀለም፣ በጆንያ ብቻ ነው። ወተቱ ገርጥቷል። የቱሊ ሆድ ተሽሏታል፤ ከዚያ በኋላ የተወለደው ወንድሟም ጥርት አድርጎ ይናገራል። እናቶች፣ ከመጠን በላይ የደመቀ እርድ ስታዩ ከምን እንደደመቀ ጠይቁ፤ ሻጩ ካልነገራችሁ ተዉት። እኔ ዛሬ ፊደል የምማረው ጣሳ ላይ የተጻፈ ነገር ሁለተኛ እንዳያልፈኝ ነው።

እርዳችንን ይገዛን የነበረው ነጋዴ የደመቀ እርድ ፍለጋ ወደ ሌላ መንደር ሄደ። ባሌም ገቢው ሲያንሰን ሥራ ፍለጋ ዋና ከተማው ዳካ ገባ። የቱሊ እኩዮች ትምህርት ቤት ሄዱ። ቱሊ ግን የረሳቻቸው ቃላት ስላልተመለሱላት ከአያቷ ጋር ቤት ቀረች።